ይቅርታ የጠየቅሁበት ምት

ውድ ሳናኤ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የልጅሽ የኢቡኪስ ክንድ እንዴት ሆነለት? ከሄድሽ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። አልቀየምሽም፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ለእኔ ቃል የምተነፍስ አይመስለኝም። ለዚህ ነው ወረቀት የያዝኩት። ደብዳቤ ቢያንስ ሰው አያስገድድም። ካስጠላሽ አጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ትከቺዋለሽ፤ ልብሽ የረጋ ቀን ታወጪዋለሽ።

እኛ ደህና ነን። እዚህ ኡራሳኪ ብርድ ገብቷል። ነፋሱ ከተራራው በኩል ደረቅ ሆኖ ስለሚመጣ ለዓሣ ማድረቂያው ግሩም ነው፤ ለእኔ ጣቶች ግን መከራ ነው። ጠዋት ዓሣውን ሰንጥቄ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ መደርደሪያው ላይ ስዘረጋ እውላለሁ። ባለቤቴ ቴትሱጂ ባሕር ላይ ነው። የፀጉር ቤትሽ መጋረጃ እንደተዘጋ ነው፤ እነ አባባ ቶኩጂሮ ግን ከደጃፍሽ አግዳሚ አልተነሡም። አንድ ፀጉር እንኳ የሌላቸው ሽማግሌዎች ፀጉር ቤት ደጅ ምን እንደሚሠሩ ድሮም አይገባኝም ነበር። ባለፍኩ ቁጥር "ሳናኤ መቼ ነው የምትመጣው?" ይሉኛል። እኔም "ምን አውቄ" ብዬ አልፋለሁ።

እየዞርኩ እንደሆነ ገብቶሻል መቼም። ታውቂኛለሽ፤ ምላሴ ለቀልድ ሲሆን ይሮጣል፣ ለቁም ነገር ሲሆን ይተሳሰራል። የምጽፍልሽ ስለዚያ በጋ ነው። አንቺም እዚያው ነበርሽ፤ ግን ከእኔ ወንበር ላይ ሆነሽ አላየሽውም፣ ከዚያ በኋላ ቤቴ ውስጥ የሆነውንም አታውቂውም።

የልጆቻችን የቤዝቦል ቡድን መምታት የማይችል ቡድን ነበር። ይህን ለማለት ማንም አያፍርም፤ ከተማው በሙሉ ሲሳለቅበት ከርሟል። "ዱላ ሳይሆን ምርኩዝ ነው ይዘው የሚወጡት!" ይሉ ነበር አባባ ቶኩጂሮ። "ኢቡኪ ይወረውራል፣ ስምንቱ ይጸልያሉ። ይሄ ቤዝቦል ነው ቤተ መቅደስ?" አንቺ ከውስጥ መቀስሽን እንደያዝሽ፣ "አባባ፣ እርስዎ ገብተው ይምቱላቸው እንግዲያ!" ትያቸው ነበር። "እኔማ ብገባ ቢያንስ ኳሷ እኔን ትመታኛለች፣ በኳስ የተመታ ደግሞ በነፃ ወደ ቤዙ፣ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል" ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። በዚያ በጋ ካገኘናቸው ነጥቦች ግማሾቹ ጀርባቸውን በኳስ በተመቱ ልጆች የተገኙ ናቸው።

የአንቺ ልጅ ግን ሌላ ነበር። ኢቡኪ ሲወረውር ተቃራኒዎቹ አንድ በአንድ መጥተው አየሩን መትተው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ዱላቸውን ያገላብጡታል፤ ቀዳዳ ያለበት ይመስላቸዋል መሰል። ግን ምን ያደርጋል? ወርዋሪ የቱንም ያህል ቢችል ዜሮን ዜሮ አድርጎ ያቆያል እንጂ ነጥብ አያመጣም። ነጥብ የመቺዎቹ ሥራ ነው። የእኛዎቹ ሳያመጡ ሲቀሩ ያ ልጅ ሌላ ዙር ይወረውራል፣ አሁንም ሳያመጡ ሲቀሩ ሌላ ዙር ይወረውራል። የሚተካው ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ራሱ ሊዘጋ ምንም ያልቀረው፣ ቡድን ለመሙላት እንኳ ልጅ የሚለመንበት ነው።

ከመቺዎቹ ሁሉ የከፋው ደግሞ የእኔው ጋኩ ነበር። አሰልጣኙ መምህር ኖዛኪ ቁመናውን አይቶ አራተኛ መቺ አደረገው፤ ያ ቦታ የቡድኑ ጉልበተኛ የሚቆምበት ነው። ጋኩ ጉልበትማ አለው፤ የዓሣ ሳጥን ደራርቦ ይሸከማል። የዓሣ ሳጥን ግን ቆሞ ይጠብቃል፣ ኳስ አይጠብቅም። የቡድኑን ልጆች በሙሉ ደጅሽ አሰልፈሽ በማሽን ስትላጪ፣ የእሱ ተራ ሲደርስ "የዚህ ልጅ ጭንቅላት የሁለት ሰው ነው፣ ማሽኔን ጨረሰው!" ትይ ነበር። ልጆቹ ሲንከተከቱ እሱም አብሮ ይስቃል። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ግን መሳቅ አቆመ። ከጨዋታ ሲመለስ ጓሮ ገብቶ ዱላ ሲወዘውዝ እሰማዋለሁ። ምሳውን የሚበላው አቀርቅሮ ነው። በዚያ በጋ አንዲት ኳስ እንኳ አግኝቶ አያውቅም ነበር።

እኔ ደግሞ አጎነብስ ነበር። ያንን ሥርዓት ማን እንዳመጣብን አላውቅም። ልጅሽ ስቶ ሲወጣ ከመቀመጫሽ ትነሻለሽ፣ ወደ ሌሎቹ እናቶች ዞረሽ ጎንበስ ትያለሽ፣ "ልጄ አስቸገራችሁ፣ ይቅርታ" ትያለሽ። እነሱም "አይዞሽ፣ ምንም አይደል፣ ገና ሌላ አለ" ይላሉ። ከሁሉም በፊት የሚጎነበሰው ለወርዋሪው እናት ነው፤ የሚደክመው የእሷ ልጅ ነዋ። ለአንቺ እንዳጎነበስኩ ለአማቴ አጎንብሼ አላውቅም። ቴትሱጂ "ወገብሽን ያመመሽ ዓሣው ነው" ሲለኝ፣ "ዓሣው ምን በወጣው፣ ልጅህ ነው" እለው ነበር። አንቺም እኮ ታዝኚልኝ ነበር። "የጋኩ እናት፣ ኧረ ተቀመጪ! ገና ሦስት ጊዜ ተራው ይደርሳል፤ አንድ ላይ ታጎነብሺዋለሽ" ብለሽ ቀሚሴን ይዘሽ ስትጎትቺኝ ትዝ ይለኛል። ከልቤ ነበር የምስቀው፤ ውስጤ ግን ይቀናብሽ ነበር። ሰው ሁሉ አንቺ ጋ ሲመጣ ለማመስገን ነው። እኔ ጋ ሲመጣ ለማጽናናት ነው።

ከዚያ የሩብ ፍጻሜው ቀን መጣ። ለልጆቹ የገብስ ሻይ የማቅረቡ ተራ የአንቺ ነበር፤ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ማሰሮውን በበረዶ ስትሞዪ አገኘሁሽ። በረዶው እጅሽ ላይ እየቀለጠ ቆመሻል።

"ምን ሆነሻል?" አልኩሽ።

"ክርኑ አብጧል።"

"የማን? የኢቡኪ?"

"ዛሬ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። እጁ አልታጠፍ ብሎት። በዚህ ሙቀት እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ከውስጥ የለበሰው እንዳይታይበት ነው።"

"ታዲያ ለመምህር ኖዛኪ አትነግሪውም?"

ቀና ብለሽ አየሽኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ እንደጠየቅኩ ያኔ ገባኝ። ወላጅ ስለ ጨዋታ ለአሰልጣኝ ቃል አይተነፍስም። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ አባት ተነፈሰና ልጁ በማግስቱ የቡድኑን ልብስ አጥቦ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ እንኳ አያልፍም ነበር።

"ብትናገሪ ቤት አልመለስም ብሎኛል" አልሽኝ። "ያደርገዋል ደግሞ። አባቱን ነው የወጣው።"

ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽ። "ዛሬ ቢሸነፉ በጋው ያልቅለታል። እስከ ፀደይ ያርፋል፣ ሊቀጥረው ያሰበው ያ የፋብሪካ ቡድን እስኪወስደው ክንዱ ይድናል። ካሸነፉ ግን ከነገ ወዲያ እንደገና ይወረውራል። ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፤ እንዲሸነፉ እየጸለይኩ ነው። በገዛ ልጄ ላይ።"

ምን ልበልሽ? እኔ ሲጨንቀኝ መቀለድ ነው የማውቀው። "አይዞሽ፣ ጋኩ አለልሽ" አልኩሽ። "እሱ ዱላ ይዞ እስከቆመ ድረስ ማሸነፍ የሚባል ነገር አያሰጋሽም።" ሳቅሽ፤ እንባሽ እየወረደ ሳቅሽ። አብረን ማሰሮውን ተሸክመን ወጣን። እኔም ቀልዴ ስለሠራ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጨዋታው እንደተለመደው ሆነ። ኢቡኪ ወረወረ፣ የእኛዎቹ ሳቱ፣ እናቶች በየተራ አጎነበስን። ስምንት ዙር ሙሉ ዜሮ ለዜሮ። አንቺ ጨዋታውን ሳይሆን ክርኑን ነበር የምታዪው። እኔም ከአንቺ ተጋብቶብኝ እሱኑ ማየት ጀመርኩ፤ ከወረወረ በኋላ እጁን ጓንቱ ሥር ሲሸሽግ አየሁ። በዘጠነኛው፣ በመጨረሻው ዙር ኳሷ ሰነፈችበት፣ መቱትና አንድ ነጥብ ገባብን። እናቶቹ ሁሉ "ወይኔ!" አሉ። አንቺ ግን ለረጅም ጊዜ ይዘሽው የቆየሽውን አየር ስታወጪ ከጎንሽ ሆኜ ሰማሁሽ። "በቃ፣ በዚሁ ይለቅ" አልሽ።

እንደሱ ቢያልቅ ምን ነበረበት? የመጨረሻው የእኛ ተራ ነበር። አንዱ ልጅ፣ ወርዋሪያቸው አራት ኳስ አበላሽቶለት በነፃ ወደ ቤዙ ሄደ። ሁለተኛው እንደልማዳችን ጀርባውን ተመታ፤ እየሳቀ ወደ ቤዙ ሮጠ። ሦስተኛው ዱላውን ዘርግቶ ኳሷን ነካ አደረጋትና እሱ ከጨዋታው ወጥቶ ሁለቱን ወደፊት አሻገራቸው። ቀጥሎ የገባው ሳተ፤ እናቱ ተነሥታ አጎነበሰች። ሦስት መቺ ከወጣ ተራችን ያበቃል፤ አንድ ልጅ ብቻ ቀረ፣ ጋኩ። ከሳተ ተሸነፍን፣ ኢቡኪም ያርፋል። ካገኛት ሁለቱም ልጆች ይገባሉ፣ እናሸንፋለን።

የእኔን ጭንቀት የምነግርሽ ከአንቺ ጋር ላወዳድረው አይደለም። ግን ስሚኝ። ልጄ እዚያ ቆሟል። አንገቱ በፀሐይ ቀልቷል፤ አንቺ የላጨሽው ያ ትልቅ ጭንቅላቱ ከኮፍያው ሥር በላብ ያበራል። አራት ልጆች ያሉት የሙዚቃ ቡድናችን ጆሯችንን ያደነቁረዋል። "ጋኩ! ጋኩ!" ይላል ሰው። እጄን አጣምሬ ለመጸለይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። ይምታት ብል አንቺ አጠገቤ ነሽ። ይሳት እንዳልል ደግሞ እናቱ ነኝ። ስለዚህ ምንም አልለመንኩም። እጄን አጣምሬ ጠበቅሁ።

የዱላውን ድምፅ ሰማሁት። ዓይኔን ስከፍት ኳሷ በሁለቱ ልጆች መሃል መሬት ለመሬት እየሾለከች ሣሩ ላይ ወጥታለች። ሳናኤ፣ ያኔ ጮኼያለሁ። ከአንቺ መደበቅ አልችልም፣ ጉሮሮዬ እስኪላጥ ጮኼያለሁ። አንደኛው ገባ፣ ሁለተኛው ገባ፣ ሰው በሰው ላይ ወደቀ፣ ቴትሱጂ የማያውቀውን ሰውዬ አቅፎ ያለቅሳል። ከዚያ ዞር ስል አንቺን አየሁሽ። እንደተቀመጥሽ ነሽ። እጅሽ ጉልበትሽ ላይ ነው።

እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም። አጎነበስኩልሽ። "ልጄ አስቸገራችሁ፣ ይቅርታ" አልኩ። አንቺም ከልማድ ነው መቼም፣ "አይዞሽ፣ ምንም አይደል" አልሽኝ። "ገና ሌላ አለ" የሚለውን ጀምረሽ አልጨረስሽውም።

የግማሽ ፍጻሜውን ለአንቺ አልነግርሽም። ኳሷ ከእጁ ወጥታ ግማሽ መንገድ ላይ መሬት ስትገባ፣ እሱ ክርኑን ይዞ ወደ ጓደኞቹ ፈገግ ሲል፣ አንቺ እስከ ሽቦ አጥሩ ወርደሽ ሽቦውን ጨብጠሽ ስትቀሪ አይቻለሁ። አሰልጣኝ ሜዳ መግባት አይፈቀድለት፤ መምህር ኖዛኪም ከመጠለያው ጠርዝ ላይ እንደ አንቺው ቆሞ ቀረ። ከዚያ የሌላ ቦታ ተጫዋች ወረወረ፤ የቀረውን ጨዋታ ምን አወራዋለሁ። ያ የፋብሪካ ቡድን ሌላ ልጅ እንደወሰደም ሰምቻለሁ። አንቺ ፀጉር ቤቱን ዘግተሽ ከልጅሽ ጋር ወደ ሐኪሞቹ ከተማ ሄድሽ። እኔ ጣቢያ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ባቡሩ እስኪሄድ ከጋዜጣ መሸጫው ጀርባ ቆሜ ተመለስኩ።

አሁን ወደማታውቂው ልምጣ።

ጋኩ ከትምህርት ቤት በፊት ዓሣ ማስጣቱን ያግዘኛል። ባለፈው ሳምንት ጎን ለጎን ቆመን ስንደረድር፣ ቀና ሳይል፣ "እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" አለኝ።

"ጠይቅ።"

"ያን ቀን የመታሁ ጊዜ፣ ቤዙን ካለፍኩ በኋላ ዞሬ ፈለግሁሽ። ለየኋችሁም። ለኢቡኪ እናት አጎንብሰሽ ነበር።"

እጄ ዓሣው ላይ ቀረ።

"ፎጣዬ ወድቆ ላነሳ ነው" አልኩት።

"ፎጣው አንገትሽ ላይ ነበር።"

ሌላ ዓሣ አነሣሁ። እሱም ትንሽ ጠበቀኝና፣ "መትቼ ነበር እኮ፣ እማዬ" አለኝ። "ያን ቀን አልሳትኩም። ምን አጠፋሁ?"

ሳናኤ፣ ምን ብዬ ልመልስለት? እውነቱን ልንገረው ብል፣ "የአንተ ምት ነው ኢቡኪን ለዚያ ያበቃው" ማለት ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ኳስ ሲወራወሩ፣ የእኔን የማከማቻ ግድግዳ ሲደበድቡ ያደጉ ልጆች ናቸው። ይህን ተሸክሞ እንዴት ይኖራል? ውሸት ልንገረው ብል አይቶኛል፣ ፎጣው አንገቴ ላይ ነበር። ያ ምላስሽ የት ሄደ ብትይኝ እኔም አላውቅም። "ዓሣው እንዳይደራረብ" አልኩት። "እሺ" አለና መደርደሩን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልጠየቀኝም። ገበያ ላይ ሰዎች "ያቺን ኳስ የመታው ጋኩ!" ብለው ትከሻውን ሲመቱት እንዳፈረ ሰው አንገቱን ይደፋል። ዱላውን ከጓሮ አንሥቶ የት እንዳደረገው አላውቅም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም።

ቀኑን ሙሉ ዓሣ እየሰነጠቅሁ ይህንኑ አሰላስላለሁ። አንቺን መካስ አልችልም፤ ክንድ ከየት ይመጣል? ልጄንም ማጽናናት አልችልም። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ደብቄሽ ይህን ደብዳቤ ብልክ ሌባ ነኝ። ዛሬም ያቺ ኳስ ተመልሳ ብትመጣ፣ እንዲመታት ነው የምፈልገው። ኢቡኪን እያወቅሁ፣ ክርኑን እያወቅሁ። ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ፣ መልሱ አልለወጥ አለኝ። ከጠላሽኝ በዚህ ጥዪኝ፣ ተገቢ ነው።

አሁን ልለምንሽ ነው። ለጋኩ "ያን ቀን ጥሩ አድርገህ መታህ" በይልኝ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። አባቱ ብሎታል፣ ከተማው ብሎታል፣ አልገባለትም። እኔ ብለው አያምነኝም። ይህን ቃል ከሌላ ሰው ቢቀበል ኖሮ ወደ አንቺ አልመጣም ነበር። በተጎዳው ልጅሽ አልጋ አጠገብ ቆሜ ለጤነኛው ልጄ ምስጋና እየለመንኩ መሆኑን አውቃለሁ። ይህን የሚያህል ድፍረት ከየት እንዳመጣሁ ለራሴም ገርሞኛል፤ ግን የምለምነው ሌላ ሰው የለኝም።

ዛሬ ማለት የለብሽም። ዘንድሮም ማለት የለብሽም። ጨርሶ የማትችይ ከሆነም እረዳሻለሁ፤ አንዲት ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም።

ግን ምናልባት የቻልሽ ቀን ሰዓት አትምረጪ፣ ምን ይሉኛል አትበይ፣ ደውዪ። ከእንግዲህ የቤታችን ስልክ ሲጮህ እኔ አላነሳም። ሥራ ላይ ነኝ እላለሁ፣ እጄ ዓሣ ነክቷል እላለሁ። ጋኩ ያነሳዋል።

የጋኩ እናት፣
ቺዙሩ